ምዕራፍ ሰባት፦ ሳይስማሙ ምስል የለም

አዲስ የጌም ማጫወቻ ከካርቶኑ ወጥቶ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኝበት የመጀመሪያ ምሽት የሚሰማው ቅሬታ በየቤቱ ተመሳሳይ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል፤ ወይም ምስሉ መጥቶ ለሁለት ሰከንድ ይጠፋና ይመለሳል፤ ወይም ሁሉም ነገር እየሠራ የምስሉ ጥራት ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በታች ይሆናል። ገዢው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማጫወቻውን ነው፤ አዲሱም ውዱም እሱ ነውና። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ቦታውን ይስታል የሚል ነው። ስክሪን ላይ የምናየውን ምስል ማጫወቻው ብቻውን አይሠራውም። ማጫወቻው፣ ኬብሉ፣ በመሀል የገባ ማንኛውም መሣሪያ፣ የቴሌቪዥኑ መሰኪያና ስክሪኑ ራሱ ተነጋግረው የሚደርሱበት ስምምነት ነው። ስምምነቱም የሚያርፈው ከሁሉም አቅሙ ያነሰው ሊቀበለው በሚችለው ልክ ላይ ነው።

በምዕራፍ ሦስት ምስል የጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም የፒክስሎች፣ ስብስብ መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ አምስት ደግሞ እንቅስቃሴ የሚመስለን ነገር በፍጥነት የሚፈራረቁ የቆሙ ምስሎች ድምር መሆኑን ተመልክተናል። እዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን፣ ያ ሁሉ ነጥብ በያንዳንዷ ሰከንድ ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር እንጠይቃለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮቶው ቢሞላም ቧንቧው ይወስናል

ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ እናስብ። ሮቶው ሁለት ሺህ ሊትር ቢይዝም ወጥ ቤት ያለው ሰው በደቂቃ የሚያገኘው ውኃ የሚወሰነው በቧንቧው ስፋት ነው። ሮቶውን በትልቅ ሮቶ ብንለውጠው ቧንቧው ያው ግማሽ ኢንች እስከሆነ ድረስ ባልዲው ቶሎ አይሞላም። የጌም ማጫወቻም እንደ ሮቶው ነው፤ ኬብሉና መሰኪያው ቧንቧው ናቸው፤ ስክሪኑ ባልዲው ነው።

ስሌቱን ማንም በወረቀት ሊያረጋግጠው ይችላል። ፉል ኤችዲ የሚባለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 2,073,600 ይመጣል። ፎር ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ነው፤ ሲባዛ 8,294,400፣ ማለትም ልክ አራት እጥፍ። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመግለጽ በተለመደው አሠራር 24 ቢት ይወስዳል፤ ቢት ማለት አንድ የዜሮ ወይም የአንድ ምልክት ነው። የፎር ኬ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ከተላከ 12 ቢሊዮን ያህል ቢት፣ ማለትም 12 ጊጋቢት፣ በየሰከንዱ ያልፋል። በሰከንድ 120 ጊዜ እንዲላክና ብርሃንና ጥላን ይበልጥ ጎልቶ በሚያሳየው ኤችዲአር እንዲሆን ከተፈለገ፣ በነጥብ 30 ቢት ስለሚያስፈልግ ቁጥሩ ወደ 30 ጊጋቢት ይጠጋል። በምስሎቹ መካከል ያለው ክፍተትና ምልክቱን ለማስተላለፍ የሚጨመረው ሲደመር ከዚህም ያልፋል።

ቧንቧውን ስናይ፣ ማጫወቻን ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው የኬብልና የመሰኪያ ደረጃ ኤችዲኤምአይ ይባላል፤ በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ እስከ 18 ጊጋቢት ያሳልፋል። በ2017 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 ደግሞ እስከ 48። በኅዳር 2020 ለገበያ ከቀረቡት ሁለት ማጫወቻዎች ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 32፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እስከ 40 ጊጋቢት ይልካሉ። ልዩነቱ ግን በየሳሎኑ አይታይም፤ ምክንያቱም ቧንቧው ሲጠብ ማጫወቻው ዝም ብሎ ከሚቆም ይልቅ አንድ ነገር ቀንሶ ማሳለፍ ይመርጣል። ፕሌይስቴሽን 5 ፎር ኬ፣ 120 ምስልና ኤችዲአር በአንድ ላይ ሲጠየቅ የብርሃኑን ዝርዝር እንዳለ ትቶ የቀለሙን ዝርዝር በግማሽ ይቀንሳል፤ የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ ለብርሃን ልዩነት ንቁ ስለሆነ አብዛኛው ተጫዋች አያስተውለውም። ተመልካቹ ሳያውቀው ድርድሩ በዚህ መልክ ተጀምሯል ማለት ነው።

ጾም ነሽ ወይስ ትበያለሽ?

ረቡዕ ቀን ድንገት እንግዳ ብትመጣ የቤቱ ባለቤት ድስት ከመጣዷ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ጾም ነሽ ወይስ ትበያለሽ?» የእንግዳዋ መልስ ሳይሰማ ጥብስ ቢቀርብ፣ ሥጋው ምንም ቢጥም ገበታው ይበላሻል። ማጫወቻና ቴሌቪዥንም ገመዱ በተሰካበት ቅጽበት ይህንኑ ይጠያየቃሉ።

የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ውስጥ 19 ቀጫጭን መገናኛዎች አሉ። በአንዱ ማጫወቻው 5 ቮልት ይልካል፤ ደጅ ማንኳኳት ነው። ቴሌቪዥኑ በሌላው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ቀጥሎ ማጫወቻው በሌሎች ሁለት መገናኛዎች ከቴሌቪዥኑ አንድ አጭር ዝርዝር ያነባል። ዝርዝሩ ኢዲአይዲ ይባላል፤ በ1990ዎቹ ለኮምፒውተር ስክሪን ሲዘጋጅ 128 ባይት ብቻ ነበር፤ አንድ አንቀጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንኳ ከዚያ ይረዝማል። በዚያች ጠባብ ቦታ ቴሌቪዥኑ አምራቹን፣ የሚቀበላቸውን የምስል መጠኖችና ፍጥነቶች ይዘረዝራል፤ በኋላ የመጡት ቴሌቪዥኖች ተጨማሪ ገጾች አክለውበታል። በመጨረሻ ሁለቱ የቅጂ መከላከያ የይለፍ ምልክት ይለዋወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ በምናይበት አንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው። ያ ጥቁረት ራሱ ንግግር ነው።

የሁለት ዘመን ምሳሌ ነገሩን ያጠራዋል። በኅዳር 2006 ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ፣ አንዳንድ ቀደምት ባለ ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥኖች 1080 መስመር በፈረቃ የሚሳልበትን ዓይነት ምስል ብቻ እንጂ 720 መስመሩን አይቀበሉም ነበር። ብዙ ጌሞች ደግሞ በ720 የተሠሩ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማጫወቻው 720ውን ወደ 1080 ከፍ ከማድረግ ይልቅ ወደ 480 ዝቅ አድርጎ ይልከው ነበር። ማጫወቻውም ቴሌቪዥኑም በየፊናቸው ጎበዞች ነበሩ፤ የጋራ ቋንቋ ስላጡ ግን ባለቤቱ ከሁለቱም አቅም ያነሰ ምስል አየ።

ታሪኩ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመለሰ። ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ 1440 መስመር ለሚባለው፣ በኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ዘንድ ተወዳጅ ለሆነው የሞኒተር ዓይነት የሚሆን ምስል አይልክም ነበር። እንዲህ ያለ ሞኒተር 3,686,400 ነጥብ አለው። ፎር ኬ አልቀበልም ያለ ሞኒተር የሚደርሰው ፉል ኤችዲ ነበር፤ ከነጥቦቹ ለግማሽ ያህሉ ብቻ የሚበቃ ዝርዝር፣ በቀረው ቦታ ላይ የተለጠጠ። በመስከረም 2022 በኢንተርኔት የመጣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ይህን ፈታው። አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ አንድ ሽቦ ሳይቀየር ምስሉ ተሻሻለ። ችግሩ የዕቃ ቢሆን ኖሮ በሶፍትዌር ብቻ ባልተፈታ ነበር።

ሰዓት ጠባቂው አውቶብስና ሞልቶ የሚነሳው ታክሲ

ስምምነቱ የምስሉን መጠን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ጊዜውንም ይመለከታል። ተራ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ምስሉን ያድሳል፤ በ16.7 ሚሊሰከንድ አንዴ ማለት ነው። ሰዓቱን ጠብቆ እንደሚነሳ አውቶብስ ነው፤ ተሳፋሪ ቢኖርም ባይኖርም ይሄዳል። ፊልም ሲታይ ችግር የለውም፤ ምስሎቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ተሰልፈዋልና። ጌም ግን እያንዳንዱን ምስል እዚያው የሚስለው ተጫዋቹ በያዘው ጆይስቲክ ትእዛዝ ነው። ባዶ ሜዳ ለመሳል 10 ሚሊሰከንድ ሊበቃው፣ ፍንዳታና ጭስ የበዛበት ትዕይንት ደግሞ 20 ሊፈጅበት ይችላል። አዲሱ ምስል አውቶብሱ ሊነሳ ሲል ካልደረሰ ሁለት መጥፎ አማራጭ አለ። አሮጌው ምስል ይደገማል፤ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ወይም ደግሞ በመሀል ይገባል፤ የስክሪኑ የላይኛው ክፍል የድሮውን፣ የታችኛው የአዲሱን ምስል ይዞ፣ የተቀደደ ወረቀት ያለ ቦታው የተጣበቀ ይመስላል።

መፍትሔው አውቶብሱን በታክሲ መተካት ነው። ቪአርአር የሚባለው አሠራር፣ ማለትም እንደ ምስሉ መድረስ የሚለዋወጥ የእድሳት ፍጥነት፣ ስክሪኑ የራሱን ሰዓት ትቶ «ሞላ!» እስኪባል እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ምስሉ ሲያልቅ ያኔ ይነሳል። ታክሲውም ቢሆን ተራ አስከባሪው ከፈቀደለት ጊዜ በላይ አይቆምም፤ በፕሌይስቴሽን 5 ይህ አሠራር የሚያገለግለው በሰከንድ ከ48 እስከ 120 ምስል ባለው ክልል ነው።

እዚህም ላይ ስምምነት ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 5 ቪአርአርን ያገኘው በሚያዝያ 2022 በማሻሻያ ነው፤ ከወጣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ። በሰኔ 2025 የወጣው ኔንቲንዶ ስዊች 2 ደግሞ ነገሩን በአንድ ዕቃ ውስጥ ያሳየናል። በእጅ ሲያዝ 7.9 ኢንች ስክሪኑ ፉል ኤችዲ ምስል በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ፣ በቪአርአር ያሳያል። ማስቀመጫው ላይ ተደርጎ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ግን ፎር ኬ በ60፣ አልያም ከዚያ ባነሰ የምስል መጠን በ120 ይልካል፤ ቪአርአር ከዝርዝሩ የለም። ማሽኑ አንድ ነው፤ አብሮት የሚሠራው ስክሪን ሲለወጥ ውጤቱ ይለወጣል።

በመሀል የገባው ሦስተኛ

ሁለት ሰዎች በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ ቃል ከተዛባ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። በብዙ ቤት ከማጫወቻውና ከቴሌቪዥኑ መሀል የድምፅ ማጉያ ሳጥን ይገባል። በ2020 መጨረሻ የሆነው ይህን በግልጽ አሳይቷል። የዴኖን፣ የማራንትዝና የያማሃ አንዳንድ አዳዲስ የድምፅ መቀበያዎች ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚመጣውን የፎር ኬ 120 ምስል ማሳለፍ አቅቷቸው ስክሪን ያጠቁሩ ነበር። ማጫወቻው ደኅና ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ደኅና ነበር። ጉድለቱ በመቀበያዎቹ ውስጥ ከነበረው የኤችዲኤምአይ ቺፕ ነበር። የዴኖንና የማራንትዝ ባለቤት የነበረው ኩባንያ በኋላ ለደንበኞቹ ማስተካከያ መሣሪያ በነጻ አቀረበ። ለባለቤቱ ጠቃሚው ትምህርት ቀላል ነው፤ ምስል ሲጠፋ ሦስተኛውን አውጥቶ ማጫወቻውን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት። ምስሉ ከተመለሰ ጥፋቱ የት እንዳለ ታውቋል።

ቴሌቪዥኑ ራሱም ብዙ በር ያለው ቤት ነው። አራት መሰኪያ ካለው ሙሉውን ፍጥነት የሚያሳልፉት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ደግሞ የመሰኪያውን ሙሉ አቅም ባለቤቱ በሴቲንግ ገብቶ እስኪከፍተው ድረስ ዘግተው ያስቀምጡታል። «ጆይስቲኩ ይዘገያል» የሚለው ቅሬታም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይነሳል። ቴሌቪዥኑ ፊልም እንዲያምር ብሎ እያንዳንዱን ምስል ሲያስውብ ያ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። የጌም ሞድ ሲበራ ማስዋቡ ይቀነሳል፤ ጆይስቲኩም «ይድናል»።

ጥፋቱ በእርግጥ የማሽኑ ሲሆን

እስካሁን የተባለውን አንብቦ «ታዲያ ማሽን ተበላሽቶ አያውቅም ማለት ነው?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ተበላሽቶ ያውቃል፤ በታሪክ የታወቀውም ምሳሌ ከባድ ነው። በኅዳር 2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 በብዙ ቤት ፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት እያበራ መሥራት ያቆም ጀመር። ማሽኑ ሲሠራ ይግላል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ ቁስ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ይህ መለጠጥና መኮማተር ሲደጋገም ቺፑን የሚያያይዙት ጥቃቅን ብየዳዎች ይሰነጠቃሉ፤ ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ በማጠፍ እንደመስበር ማለት ነው። በሐምሌ 2007 አምራቹ ማይክሮሶፍት ለዚህ ብልሽት የዋስትናውን ጊዜ ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፤ ለወጪውም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ማሽኖች ግዙፍነት የዚህ ትምህርት ውጤት ይመስላል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 ቁመቱ 39 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 4.5 ኪሎ ነበር፤ ከውስጡ ሰፊውን ቦታ የያዙት ማራገቢያውና ሙቀት ማውጫ ብረቱ ናቸው። ይህ በአገራችን ትርጉም አለው። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ማሽኑን ከጠዋት እስከ ማታ ያሠሩታል፤ ማራገቢያው አቧራውን እየሳበ ሙቀት ማውጫውን ይደፍነዋል። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አለመክተት፣ ከጀርባው ክፍት ቦታ መተውና አቧራውን በጊዜው ማስወገድ ዕድሜውን ያረዝማል።

የኤሌክትሪክም ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው 220 ቮልት፣ አሜሪካ ደግሞ 120 ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ፕሌይስቴሽን 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የሶኬት ማስተካከያ ይበቃዋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ኤክስቦክስ 360 ግን አዳፕተሩ ለዚያ አገር ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። መብራት ድንገት ሲጠፋና ሲመለስ የሚከተለው የቮልት መዋዠቅ ደግሞ ማንኛውንም ማሽን ይጎዳል፤ ስለዚህ ጥሩ ስታብላይዘር ከውድ ኬብል በፊት ሊገዛ ይገባል።

የማሽን ብልሽትና የስምምነት መጓደል የሚለዩበት ምልክት አለ። የታመመ ማሽን ቴሌቪዥን መርጦ አይታመምም፤ በሌላ ስክሪን ላይም፣ በሌላ ኬብልም ያው ነው፤ ሲግል ይብሳል፤ ራሱን ያጠፋል። ስምምነት ያጣ ማሽን ግን ሌላ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ይድናል።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ውድ ኬብል ብገዛ ይፈታል» የሚል ነው። በኬብሉ የሚሄደው የዜሮና የአንድ ምልክት ነው፤ በደኅና ከደረሰ ደርሷል፤ ወርቅ የተቀባ ጫፍ የደረሰውን የበለጠ አያጠራውም። የሚያስፈልገው ለሚፈለገው ፍጥነት ተፈትኖ ያለፈ ኬብል ነው፤ ለ48 ጊጋቢት ያለፈው በስልክ ሊነበብ የሚችል ምልክት ማሸጊያው ላይ አለው። ከማሽኑ ጋር የመጣው ኬብልም ለማሽኑ የሚበቃ ነው።

ሁለተኛው «ስለዚህ አሮጌ ቴሌቪዥኔ ዋጋ የለውም» የሚል ነው። እንዲያውም የስምምነቱ አሠራር አሮጌውን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ፉል ኤችዲ ነው የሚጠይቀው፤ ማጫወቻውም ያንን ይሰጠዋል። ብዙ ጌሞች ምስሉን ከፍ ባለ መጠን ስለው ወደ ፉል ኤችዲ ስለሚያወርዱት የነገሮች ጠርዝ በአሮጌው ስክሪን ላይም ለስልሶ ይታያል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ «ይህን ሁሉ ማወቅ የገዢ ሥራ ነው ወይ?» አይደለም፤ አምራቾቹ ቢያግዙት ኖሮ። «ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚለው ስያሜ ራሱ በቂ መረጃ አይሰጥም፤ በ2021 መጨረሻ እንደተብራራው ከአዲሱ ደረጃ ገጽታዎች አብዛኞቹ የግዴታ ስላልሆኑ፣ 48 ጊጋቢትም 120 ምስልም የሌለው ቴሌቪዥን ይህን ስም ሊይዝ ይችላል። አምራቹ የሚደግፋቸውን ገጽታዎች በዝርዝር መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ዝርዝሩ ግን ከሱቅ መደርደሪያ ይልቅ በመመሪያው ውስጥ ነው የሚገኘው። አንድ ስም ለብዙ አቅም መስጠት ገዢን ያሳስታል፤ ይህንም በግልጽ መናገር ይገባል። ገበያው እስኪስተካከል ድረስ ሱቅ ውስጥ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ቁጥር ኤችዲኤምአይ ነው?» ሳይሆን «ፎር ኬ በ120 ይቀበላል? ቪአርአር አለው? በየትኛው መሰኪያ?» የሚለው ነው።

ውሉን ማንበብ

ሁለት ወገኖች ሲስማሙ ውል ይጻፋል፤ ይህም ስምምነት የተጻፈ ውል አለው። ፕሌይስቴሽን 5 ሴቲንግ ውስጥ የቪዲዮ መረጃ የሚያሳይ ገጽ አለ። በዚያ ገጽ ላይ የምስሉ መጠን፣ በሰከንድ የሚታደስበት ቁጥር፣ የቀለሙ አላላክ፣ ኤችዲአር መብራት አለመብራቱ፣ የቅጂ መከላከያው ዓይነት በአጭር በአጭሩ ተጽፏል። ማጫወቻው ሊያደርግ የሚችለውን ሳይሆን በዚህ ቤት፣ ከዚህ ቴሌቪዥን ጋር፣ በዚህ ኬብል የተስማማበትን ነው የሚናገረው። 120 ተጠብቆ 60 ከተጻፈ በቅደም ተከተል ኬብሉን፣ መሰኪያውን፣ የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ እየለወጡ ገጹን ደግሞ ማየት ነው፤ ቁጥሩ የተለወጠበት ቦታ ቧንቧው የጠበበበት ቦታ ነው።

ስክሪኑ ከናካቴው ከጠቆረና ገጹ ሊነበብ ካልቻለ፣ ማሽኑ ጠፍቶ የማብሪያ ቁልፉ ሁለተኛ ድምፅ እስኪሰማ ሰባት ሰከንድ ያህል ሲጫን ጥንቃቄ የተሞላበት አነሳስ ይጀምራል። ጆይስቲኩ በዩኤስቢ ገመድ ይያያዛል፤ የምስሉ አላላክም ከዚያው ይለወጣል። ማሽኑ ከፍ ያለውን ትቶ ማንኛውም ስክሪን በሚያውቀው ዝቅተኛ ቋንቋ ይጀምርና ንግግሩ እንደገና ይከፈታል። ይህ ተደርጎም፣ በሌላ ኬብልና በሌላ ስክሪን ተሞክሮም ምስል ካልመጣ፣ ያኔ ማሽኑን ይዞ ወደ ጥገና መሄድ ተገቢ ነው፤ ጥርጣሬው በመጨረሻ ቦታውን አግኝቷልና።